ሉልን ከብር ከመግጠማችሁ በፊት

ብርና ሉል እየገጠምኩ ጉትቻ፣ ሐብልና ቀለበት በእጄ እሠራለሁ። የምሠራው ድሬዳዋ ነው፤ ብር ማቅለጡንና መበየዱን የለመድኩት ግን ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው። ዛሬ ሥራው እንጀራዬ ሆኗል። እዚህ እስክደርስ ግን የእቁብ ብሬን ሙልጭ አድርጎ የበላ፣ ከደንበኞች ጋር ያቀያየመኝ፣ ዕቃዬን ሸጬ ወደ ሱቄ ልመለስ ያስባለኝ ጊዜ አልፏል። ሰሞኑን ሥራውን መጀመር የሚፈልጉ እህቶች "ከየት ልነሳ?" እያሉ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዳቸው በስልክ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ስለ ዲዛይን ብዙ አልልም፤ እሱ የየሰው ዓይን ነው። የምጽፈው ኪሳራ ስላመጡብኝ ነገሮችና ስለ መውጫቸው ነው።

መነሻዬ አርቲ፣ ማለትም አርቲፊሻል ጌጥ፣ መሸጥ ነበር። ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ከውጭ የገባ ሐብል፣ ጉትቻና የፀጉር ጌጥ እቸረችር ነበር። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በግንቦትና በሰኔ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦም ያልበዋል። አርቲ ደግሞ ላብ አይችልም። ወርቃማው ቅብ ይላጥና ከሥሩ ያለው ናስ አንገት ላይ አረንጓዴ ይተዋል፤ ኒኬል ያለበት ማንጠልጠያ የጆሮ ቀዳዳ ያሳክካል፣ አንዳንዷንም ያቆስላል። ቅሬታው ሲበዛብኝ ማንጠልጠያውን ብቻ በብር እየቀየርኩ መሸጥ ጀመርኩ። ያቺ ትንሽ ለውጥ ናት ወደ ብር ሥራ የሳበችኝ። ሉሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብርና ሉል ጠይም አንገት ላይ ሲያርፉ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም።

ያስተማሩኝ መኪና ግርግር ከሚባለው የጀጎል ጎዳና ወረድ ብሎ ካሉት ጠባብ መንገዶች በአንዱ የሚሠሩ አዛውንት ብር አንጣሪ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሱቁን ለእህቴ እየተውኩ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ እሄድ ነበር። መጀመሪያ ያስያዙኝ ሞረድ ነው፤ ቀጥሎ ሽቦ ማቅጠን፤ እሳት ያስነኩኝ በጣም ቆይተው ነው። አንድ ቀን ከቦርሳዬ ሉል አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አገላብጠው አዩት።

"እሳት ይችላል?" አሉኝ።

"አይችልም፣ ጋሼ።"

"ሎሚስ?" ከብየዳ በኋላ የጠቆረውን ብር የሚያጸዱት በሎሚና በጨው ነበር።

"ሎሚማ ይበላዋል።"

"ላብ?"

"እሱንም አይወድም።"

"ታዲያ አቦ፣ ድሬዳዋ ምን ሊሠራ መጣ!"

ሳቅን፤ ጥያቄያቸው ግን ልክ ነበር። ሉል ድንጋይ አይደለም። አብዛኛው ክፍሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የእንቁላል ቅርፊትም፣ ሲሚንቶ የሚሠራበት የኖራ ድንጋይም ከዚሁ ነገር ነው የተሠሩት። ብርሃኑን የሚሰጠው ይህ ነገር በስስ በስሱ ተደራርቦ በጥቂት ፕሮቲንና ውሃ መያያዙ ነው። ስለዚህ አሲድ ያሟሟዋል፤ ሙቀት ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፣ ያጠቁረዋል። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ከ2.5 እስከ 4.5 ባለው ውስጥ ነው የሚገኘው፤ የመንገዳችን አቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት 7 ነው፣ ስለዚህ ይቧጭረዋል። ብር ደግሞ የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ ነው፣ ለብየዳ ብቻ እንኳ ከ600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ሁለቱ አንድ ጌጥ ላይ ይገናኛሉ እንጂ አንድ እሳት ላይ አይገናኙም።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው። የብሩ ሥራ ሙሉ በሙሉ ያልቃል፤ ይበየዳል፣ ይጸዳል፣ መጥቆር ካለበት ይጠቁራል፣ ፖሊሽ ይደረጋል። ሉሉ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ማጥቆሩ ራሱ ከሉሉ በፊት ነው፤ እኔ ብሩን ከተቀቀለ እንቁላል አስኳል ጋር በላስቲክ ከረጢት አስሬ አሳድረዋለሁ፣ በውስጡ ያለው ድኝ ያጠቁረዋል፣ ከዚያ ከፍ ከፍ ያለውን ብቻ እወለውለዋለሁ። ይህንን ሕግ ከመጀመሪያው አውቀው ነበር። ችግሩ ሁሉ የመጣብኝ በጓሮ በር ነው።

አንደኛው ከግዢው መጣ። አንድ ነጋዴ "በጅቡቲ የገባ የቀይ ባሕር ሉል" ብሎ ብዙ ክር ሸጠልኝ። ምጽዋና ዳህላክ አካባቢ ድሮ ጠላቂዎች ሉል ያወጡ እንደነበር እውነት ነው፤ ሻጩን የሚረዳውም ታሪኩ እውነት መሆኑ ነው። ቤት ወስጄ ቀዳዳውን ላሰፋ መሰርሰሪያ ሳስነካው ቅቡ እንደ ጥፍር ቀለም ተላጠ። ውስጡ ብርጭቆ ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው እውነተኛ ሉል ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ያረባው ነው። ጃፓናዊው ኮኪቺ ሚኪሞቶ እ.ኤ.አ. በ1893 በእርባታ ግማሽ ክብ ሉል ካገኘ በኋላ ነው ይህ ንግድ መንገዱን የያዘው፤ አሁን አቅማችን የሚፈቅደው ደግሞ አብዛኛው በቻይና ኩሬዎችና ሐይቆች የሚረባው ነው። ስለዚህ "የቻይና ነው" ሲሏችሁ አትናቁ፤ "የቀይ ባሕር ነው" ሲሏችሁ ግን ቦርሳችሁን ያዝ አድርጉ።

ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ፍሬ በፊት ጥርሳችሁ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ እሹት። እውነተኛው ሻከር ይላል፤ ቅብ የሆነው ሙልጭልጭ ይላል። ሻጩ ይስቅባችኋል፣ ይሳቅ። ይህ ዘዴ የረባውን በተፈጥሮ ከተገኘው አይለይላችሁም፤ ሐሰተኛውን ግን ይለያል። ቀዳዳውን በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ እዩት፤ አፉ ላይ የተላጠ ስስ ሽፋን ካያችሁ ተውት። ክሩ ላይ ያለው ፍሬ ሁሉ ያለ አንዳች ጉድለት አንድ ዓይነት ክብ ከሆነ፣ ዋጋውም ርካሽ ከሆነ፣ ጥርሳችሁንም አታድክሙ። ኮምጣጤ ውስጥ ንከሩት፣ በክብሪት ለብልቡት የሚሏችሁን አትስሙ፤ እውነተኛ ከሆነ በገዛ እጃችሁ አበላሻችሁት ማለት ነው።

ሁለተኛው ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ነው። ከሎሚ ወደ ተበረዘ አሲድ ተሸጋግሬ ነበር፤ ፈጣን ነው። ለአንዲት ደንበኛ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ የብር ዶቃዎች ሠርቼ በየመሐላቸው ሉል አስገባሁ። የብር ዶቃ የሚሠራው ሁለት ግማሽ ጉልላቶች አፍ ለአፍ ገጥመው ሲበየዱ ነው። አምሮ ሄደ። ከሳምንታት በኋላ ሐብሉ ተመልሶ መጣ። በብየዳው መስመር ላይ አረንጓዴ ጨው የመሰለ ነገር ፈልቋል። አጠገቡ ያሉት ሉሎች ደግሞ ብርሃናቸው ጠፍቶ ቀዳዳቸው ዙሪያ ጠመኔ ሆኗል፤ በጥፍሬ ስነካው ዱቄቱ ጣቴ ላይ ቀረ። ደንበኛዋ "የሸጥሽልኝ የውሸት ሉል ነው" አለች። አልነበረም። ዶቃውን ስሰነጥቀው ውስጡ እርጥብ ነው። ብሩን ሳጸዳ በብየዳው ስንጥቅ ሾልኮ የገባው አሲድ እዚያው ተቀምጦ በድሬ ሙቀት ቀስ እያለ እያላበ ነበር የሚወጣው።

አሁን ባዶ ለሆነ ዕቃ ሁሉ ሁለት ቀዳዳ ሳላወጣለት እሳት አላስነካውም፤ አንዱ ውሃ ማስገቢያ፣ አንዱ አየር ማስወጫ። ከአሲድ ሲወጣ መጀመሪያ ብዙ ውሃ ውስጥ ይታጠባል። ቀጥሎ ሶዳ ባለበት ውሃ ይቀቀላል፤ ሶዳ ስል ንጹሁን ነው፣ ቤኪንግ ፓውደር ውስጡ አሲድ ስላለበት አይሆንም። ከዚያ በንጹህ ውሃ እንደገና ይቀቀልና ነጭ ወረቀት ላይ ያድራል። ጠዋት ወረቀቱ ላይ ቀለም ወይም እርጥበት ካየሁ ወደ ሶዳው ይመለሳል። በቀጭን ሽቦ ጥልፍ የተሠራ ዕቃም እንዲሁ ነው፤ በሽቦዎቹ መሐል አሲድ ይደበቃል። ጊዜ ይወስዳል። ደንበኛ ስትቸኩል "ነገ ነይ" ማለትን የለመድኩት ከዚህ ወዲህ ነው።

አሲድ ካነሳሁ አይቀር፦ ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሩ፣ ውሃውን ወደ አሲዱ በጭራሽ። ሉል ስትበሱም ደረቅ አትብሱ። ዱቄቱ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ደረቅ መሰርሰሪያም ሉሉን ከውስጥ ያቃጥለዋል። በጥልቅ ሰሐን ውሃ አድርጉ፣ ሉሉን እዚያው ውስጥ በዝግታ ብሱ፣ ማስክ አድርጉ። በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ውሃው ሞተሩ ጋ እንዳይደርስ፤ እኔ የእጅ መሰርሰሪያ ነው የምጠቀመው።

ስለ ማጣበቂያ። ግማሽ ድረስ የተበሳ ሉል የሚቆመው ትንሽ የብር ሳህን መሐል በተበየደች እሾህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጎ ይጨርሳል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ተሰባሪ ነው፤ ጉትቻው አንዴ ወለል ላይ ሲወድቅ ሉሉ ብድግ ይላል። ሁለት ቱቦ ሆኖ የሚደባለቀው ኢፖክሲ ይሻላል፤ ግን እሾሁ ለስላሳ ከሆነ እሱም አያድነውም። እኔ እሾሁን ከአራት ማዕዘን ሽቦ ጠምዝዤ እሠራዋለሁ፤ ጥምዝዙ ማጣበቂያውን ይነክሳል፣ ትርፉም በጎድጎዱ ተገፍቶ ይወጣል። ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ዱቄት በመርፌ አውጡ። ሌላው የድሬ ጉዳይ ነው፦ ኢፖክሲ በሙቀት ቶሎ ይጠነክራል፣ እሽጉ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለቀዝቃዛ አገር ነው። ቀትር ላይ ብዙ ካዘጋጃችሁ እጃችሁ ላይ ይደርቃል። ጠዋት በማለዳ፣ በጣም ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ደባልቁ፣ ከዚያ እስከ ማግሥቱ አትንኩት።

ሦስተኛው የሌላ ሰው እሳት ነው። አንዲት ደንበኛ ቀለበት አሠርታ ጠበባት። እኔ ጋ ከመምጣት ሰፈሯ ያለ ወርቅ ቤት ወሰደችው። ሠራተኛው ሉሉን ሳያወጣ እሳት ለቀቀበት። ቀለበቱ ሰፋ፤ ሉሉ ቡና መሰለ፣ ከመሐሉም ተሰነጠቀ። ተቆጥታ የመጣችው ግን እኔ ዘንድ ነው፤ ቀለበቱ ላይ ያለው ስም የኔ ነዋ። ከሷ ጋር መጨቃጨቁ ትርፍ እንደሌለው ገብቶኝ በነጻ ቀየርኩላት። ሆኖም ሁለት ነገር ለወጥኩ። ደረሰኜ ጀርባ ላይ በትልቅ ፊደል "ለማስፋት፣ ለማጥበብ፣ ለመጠገን ወደ እኔ ይመለስ። እሳትና አሲድ አይንካው" የሚል አሳተምኩ። ጣት መለካትም ከሰዓት በኋላ አደረግኩት። በሙቀት ጣት ያብጣል፤ ጠዋት የተለካ ቀለበት በዘጠኝ ሰዓት አይወጣም። ከሐረር ለምትመጣ ደንበኛ ደግሞ ያ ልክ እዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ሊሰፋባት ስለሚችል የት እንደምትኖር እጠይቃለሁ። ለቀለበት በተቻለ መጠን ሙሉ በሙሉ የተበሳ ሉል መርጬ ሽቦ አሳልፌ ጫፉን አጥፋለሁ፤ ነገ መጠገን ቢያስፈልግ ሽቦውን ቆርጦ ሉሉን ማውጣት ይቻላል። ከማጣበቂያ ማላቀቅ ግን ጣጣ ነው።

ሐብል ላይ በናይለን ክር ያለ ቋጠሮ መደርደር ፈጣን ነው፣ ሲበጠስ ግን ሁሉም ነው የሚረግፈው። የሙሽራ ሐብል በሰው ፊት ሲበተን ምን እንደሚመስል አልተርክም። በሐር ክር፣ በየሉሉ መሐል ቋጠሮ አድርጉ፤ ቢበጠስ የምትወድቀው አንዲት ፍሬ ናት፣ ሉሎቹም እርስ በርስ አይፋጩም። ሐር ሲረጥብ ይለጠጣል፤ አዘውትራ የምታደርግ ሴት በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር አለባት፣ ይህንንም ስትሸጡላት ንገሯት። እኔ ክር መቀየርን እንደ ጉድለት እቆጥረው ነበር። ሐረር፣ ራስ ተፈሪ ይኖሩበት በነበረው ቤት የሚገኘውን የሸሪፍ ሙዚየም ስጎበኝ ሐሳቤ ተለወጠ። ጌጦቹን ከቅርብ ስታዩ ብሩ ያረጀ ነው፣ ክሩ ግን ስንቴ እንደተቀየረ ማን ያውቃል። ለመጀመር የምታስቡ ሁሉ እዚያ ግማሽ ቀን ዋሉ፤ ማያያዣና መንጠቆ እንዴት እንደሚሠራ ከየትኛውም ቪዲዮ በላይ ትማራላችሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የከሰርኩት ብዙውን ጊዜ ሥራው ተበላሽቶ ሳይሆን ሒሳቡን ሳልይዝ ነው። ብሩን ደንበኛዋ ፊት መዝኑ፣ ከሠራችሁም በኋላ መዝኑ፣ ግራሙን ደረሰኝ ላይ ጻፉ። የእጅ ዋጋችሁን ከብሩ ዋጋ ለይታችሁ ተናገሩ፤ ካልተለየ "ብሩ ይህን ያህል ነው፣ ለምን ይህን ያህል ትያለሽ?" ትባላላችሁ። ግማሹን ቀብድ ሳትቀበሉ ሉል አትግዙ። የሞረድ ብናኝ እንዳይጠፋ ጉልበታችሁ ላይ ቆዳ ወይም ወፍራም ጨርቅ ዘርጉ፤ ዓመት ሲጠራቀም ቀላል አይደለም። ጠገራ ብር አቅልጡልን የሚሉም ይመጣሉ። ማሪያ ትሬዛ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች፣ ከዚያ ውስጥ ብሩ 83.3 ከመቶ ነው፤ 925 የሚባለው የብር ደረጃ 92.5 ከመቶ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው መዳብ ነውና ከጠገራ የሠራችሁት ላብ ላይ ቶሎ ይጠቁራል። ይህን አስቀድማችሁ ካልተናገራችሁ ኋላ "ቀላቀልሽበት" ይመጣል። የአያት ሐብል አቅልጡልኝ ስትል የምትመጣን ግን እኔ መልሼ እሰዳታለሁ፤ እንዳለ ቢሸጥም የተሻለ ያወጣል፣ ደግሞም ሆዴ እሺ አይለኝም።

ለደንበኛ የምነግረው አጭር ነው። ሽቶው፣ ቅባቱ፣ የፀጉር ስፕሬዩ፣ የዕጣኑ ጭስ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሉሉ መጨረሻ ይደረግ፤ ስትገባ ግን መጀመሪያ እሱ ይውለቅ። ለስላሳ ጨርቅ በውሃ ረጠብ አድርጋ ላቡን ትጥረገው። ብር ማጽጃ ፈሳሽና የጥርስ ሳሙና አይነካውም። ላስቲክ ውስጥ ታሽጎ ለዓመታት አይቀመጥ፣ ይደርቃል፤ በጨርቅ ይጠቅለል። ብዙዎች ለሠርግና ለዒድ ብቻ ያወጡታል፤ አውጥተው ቢያደርጉት ለሉሉም ይሻለው ነበር።

ጀማሪ ከሆናችሁ ከቀለበት አትነሱ። እጅ ውሃ፣ ሳሙና፣ ሎሚ፣ አቧራ ሁሉ ይነካል፤ ሉል ከሁሉ የሚጎዳው እዚያ ነው። ጆሮ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ጉትቻ ሥሩ፤ ጀርባው ጠፍጠፍ ያለና ግማሽ የተበሳ ሉል፣ ትንሽ ሳህን፣ አንድ እሾህ፣ ከኋላ አንድ ዘንግ። ሁለት ብየዳ ብቻ ነው፣ ቢበላሽም የሚጠፋው ጥቂት ብር ነው። የሚያስቸግረው የሚመሳሰሉ ሁለት ፍሬዎች ማግኘቱ ነው። አንዱ ወደ ሮዝ፣ አንዱ ወደ ቅቤ ቀለም ያደላል፤ በአምፖል ብርሃን ሁለቱም ነጭ ይመስሏችኋል። ስለዚህ ማታ አትምረጡ። ጠዋት መስኮት አጠገብ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግፉና አጣምሩ፣ ያጣመራችሁትን ጥንድ ጥንዱን በየብቻው ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ ከዚያ ወደ ብሩ ሂዱ።